የመውጫ ጥያቄ በ7ኛና በ8ኛ ክፍል ሒሳብ፦ ከአዲስ አበባ ዳርቻ ትምህርት ቤቶች አንጻር

የመውጫ ጥያቄ የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ሊያልቅ 5 ደቂቃ ገደማ ሲቀረው የሚሰጥ አጭር ጥያቄ ነው። አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ይጻፋል። ተማሪው በቁራጭ ወረቀት ሠርቶ ያስረክባል። በእኛ ትምህርት ቤቶች ደወል ሲደወል ከክፍል የሚወጣው መምህሩ ስለሆነ፣ ወረቀቱን የክፍል አለቃው ይሰበስብለታል። ማርክ አይያዝበትም። መምህሩ ነገ ከየት እንደሚጀምር የሚወስነው ግን በእሱ ነው።

የመውጫ ጥያቄ በመማር ማስተማር መሀል የሚደረግ ምዘና ነው። መሀል ላይ የሚደረግን ምዘና ከማጠቃለያ ምዘና የለየው የምዘና ምሁሩ ማይክል ስክሪቨን ነው፤ ጊዜው 1967 እ.ኤ.አ. ነበር፤ ያኔ ግን ያነሳው ስለ ሥርዓተ ትምህርት ግምገማ ነው። የትምህርት ተመራማሪዎቹ ፖል ብላክና ዲላን ዊልያም ደግሞ በ1998 እ.ኤ.አ. በርካታ ጥናቶችን ገምግመው በትምህርት መሀል የሚደረግ ምዘና ለተማሪው ያለውን ጥቅም አሳዩ። ወደ አገራችን ስንመጣ፣ የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ተከታታይ ምዘናን አስገብቷል። በብዙ ቦታ ግን ከ5 እና ከ10 የሚታረሙ ትንንሽ ፈተናዎች ድምር ሆኖ ቀርቷል ማለት ይቻላል።

ዘዴው በከተማዋ ዳርቻ የተለየ ጥቅም አለው። ቱሉ ዲምቱ፣ ቦሌ አራብሳና የካ አባዶ ሰፋፊ የኮንዶሚኒየም ሰፈሮች ናቸው፤ ነዋሪው ከየአቅጣጫው የመጣ ነው። በአንድ የ7ኛ ክፍል ውስጥ መሀል ከተማ የተማረ፣ ከክፍለ ሀገር የመጣ፣ ሒሳብን በአፋን ኦሮሞ ሲማር የቆየ ልጅ አንድ ዴስክ ላይ ሊቀመጡ ይችላሉ። በአማርኛ ሲማሩ የቆዩት የአዲስ አበባ ልጆችም ቢሆኑ ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ ሒሳብን የሚማሩት በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ ያልገባው ሒሳቡ ነው ወይስ ቋንቋው የሚለውን መለየት ግድ ይላል።

ሰሌዳ ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ጥያቄ ምሳሌ እንውሰድ። የ400 ብር ጫማ 15 በመቶ ቅናሽ ቢደረግበት አዲሱ ዋጋ ስንት ነው? መልሱ 340 ብር ነው። 60 ብሎ የጻፈ ልጅ ስሌቱን ችሎታል፤ የተጠየቀውን ግን አልጨረሰም። በማግስቱ ጥያቄው በአማርኛ ሲነገረው 340 ካለ፣ ችግሩ የንባብ ነበር ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ልጅ ፐርሰንት እንደገና ማስተማር ጊዜ ማባከን ነው።

ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ቁጥሮች ላይ ደግሞ ስሕተቱ ራሱ ይናገራል። −3 − (−5) ስንት ነው ሲባል ትክክለኛው መልስ 2 ነው። −8 ያለ ልጅ ሁለተኛውን ኔጌቲቭ ሳያየው አልፏል። 8 ያለው ምናልባት «ኔጌቲቭ በኔጌቲቭ ፖዘቲቭ» የሚለውን የማባዛት ሕግ እዚህ አምጥቶት ይሆናል። −2 ያለው የመልሱን ምልክት ብቻ ነው ያምታታው። ሦስቱም በ«ኤክስ» ታርመው ቢመለሱ ልዩነታቸው አይታይም ነበር። ጥሩ የመውጫ ጥያቄ የሚባለውም እንዲህ አንዱን ስሕተት ከሌላው የሚለይ ነው፤ ልምድ ያላቸው የሒሳብ መምህሮቻችን ቁጥሮቹን የሚመርጡት በጥንቃቄ ነው።

60 ተማሪ ያለበት ክፍል ወረቀት አንድ በአንድ ይታረም ቢባል ማንም አይችለውም። የሚደረገው መለየት ነው፦ የገባቸው፣ ሊገባቸው የደረሰ፣ ገና የሆኑ። ሦስት ክምር ለመሥራት አንድ የእረፍት ሰዓት ይበቃል። አራት አምስት ሴክሽን የያዘ መምህር ደግሞ በቀን አንዱን ሴክሽን ብቻ ቢያይ ይሻለዋል። ሦስተኛው ክምር ከክፍሉ ግማሽ በላይ ከሆነ ትምህርቱ በሌላ መንገድ ይደገማል። ጥቂት ከሆኑ ሌሎቹ የክፍል ሥራ ሲሠሩ መምህሩ አጠገባቸው ሄዶ ያስረዳቸዋል።

የመውጫ ጥያቄ በ8ኛ ክፍል ከተማ አቀፍ ፈተና ውጤት ላይ ምን ያህል ለውጥ ያመጣል በሚለው አስተያየቶች ይለያያሉ። ማርክ ይያዝበት ወይ የሚለውም ያከራክራል፤ ካልተያዘበት ተማሪው አይጨነቅበትም የሚሉ አሉ። ማርክ ሲመጣ ግን ኩረጃም አብሮ ይመጣል፤ የተኮረጀ መልስ ለመምህሩ የሚነግረው ነገር የለም።

ወረቀትም ወጪ ነው። አንድ የደብተር ገጽ ለአራት ከተቀደደ ለአራት ቀን ይሆናል። ያም ካልተገኘ ምርጫ ያለው ጥያቄ ተጽፎ፣ ልጆቹ ዓይናቸውን ጨፍነው መልሳቸውን በጣት ቁጥር እንዲያሳዩ ይደረጋል።