«በደረቅ አበሳ እርጥብ ይነዳል»፦ ደረቁን ማን ተወው?

ባለፈው እሁድ የኮንዶሚኒየማችን ነዋሪዎች ስብሰባ ነበር። ሦስት ቤቶች የውሃ መዋጮ ስላልከፈሉ ኮሚቴው የብሎኩን ውሃ በሙሉ ዘግቶታል። አንዲት እናት ተነስተው «የከፈልነው ሰዎች ምን አጠፋን?» ብለው ጠየቁ። ሰብሳቢው እጁን ዘርግቶ «ምን ይደረግ እማማ፣ በደረቅ አበሳ እርጥብ ይነዳል» አላቸው። ሰዉ ራሱን ነቀነቀ። ነገሩ በዚያው አለቀ።

ለእኔ ግን አላለቀም። ይህን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ እወደዋለሁ፤ እንዲህ ሲያዝ አንጀቴ ያርራል። አንዳንዱ «በደረቅ ጦስ» ይለዋል፣ ያው ነው። ትርጉሙን የማያውቅ የለም። ግን እርጥብ እንጨት መቼ ነው የሚነደው?

ያደግኩት ደባርቅ አካባቢ ነው። ክረምት ላይ እናቴ እርጥብ የባሕር ዛፍ ጉማጅ ምድጃ ውስጥ ስታስገባ አጠገቧ ቁጭ ብዬ አይ ነበር። የጉማጁ ጫፍ አረፋ ይደፍቃል። ሽሽ ይላል። ጭሱ ዓይን ያጠፋል። እሳቱ መጀመሪያ የሚታገለው ከእንጨቱ ጋር ሳይሆን ከውሃው ጋር ነው። ውሃው ተኖ እስኪያልቅ የእንጨቱ ሙቀት ከፈላ ውሃ ብዙም አይበልጥም፤ ለመንደድ ደግሞ ወደ 300 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋል። ያን ሙቀት የሚያመጣለት ከሥሩ ያለው ጭራሮ ነው። ጭራሮው ካለቀ ጉማጁ ጠቁሮ ይቀራል። እርጥብ ብቻውን አይነድም፤ የሚያነደው ጎረቤቱ ደረቅ ነው።

ታዲያ ብዙ ሰው ተረቱ ከምድጃ የወጣ ይመስለዋል። እኔ አልቀበለውም። ምድጃ ውስጥ እርጥቡን የምትጨምረው እናት ራሷ ናት፤ እሳቱ እንዲቆይላት ብላ። እዚያ ምን አበሳ አለ? «አበሳ» በደል ነው፣ የሸንጎ ቃል ነው። የእኔ ግምት ተረቱ የተወለደው ሜዳ ላይ ነው፤ ምንጥር ወይም ግጦሽ ሲቃጠል እሳቱ ወሰን አልፎ የሰው ማሳ በልቶ፣ በማግስቱ ሽማግሌዎች ዛፍ ጥላ ሥር የተቀመጡ ጊዜ። የኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 22ም እሳት እሾህ ይዞ ወደ እህል ቢዛመት ያነደደው ሰው ይክፈል ይላል። እሾሁ ደረቁ ነው፣ ያልታጨደው እህል እርጥቡ። ይህን ፍርድ ቄሱም ሽማግሌውም ያውቀዋል። ተረቱ የዚያ ፍርድ አጭር ቃል ይመስለኛል።

እንዲህ የምለው አያቴ መስክ ሲያቃጥሉ ስላየሁ ነው። ከመንደሩ በላይ ያለው ተዳፋት ሣሩ አርጅቶ ከብት አይነካውም ነበር። ዝናብ ሊገባ ሲል አዲስ እንዲበቅል ያቃጥሉታል። ግን ከመለኮሱ በፊት ሁለት ቀን ሙሉ ሥራ አለ። ዙሪያውን ሣሩ ተነቅሎ፣ መሬቱ ተራቁቶ፣ አፈሩ እስኪታይ ይጠረጋል። ደረቅ ቅርንጫፍ ከዛፍ ሥር ይለቀማል። እኔና የአጎቴ ልጆች ለምለም ቅጠል ያለው ቅርንጫፍ ይዘን ዳር ዳር እንቆማለን፤ እሳት ሲያመልጥ በዚያ እንመታዋለን። ነፋሱ እስኪበርድ፣ ወደ ማታ እስኪሆን ይጠበቃል።

አያቴ የሚለኩሱት ከላይ ነው። ለምን ከታች እንዳልጀመሩ ስጠይቃቸው «ውሃ ቁልቁል፣ እሳት ሽቅብ ይወዳል፤ የወደደውን አትስጠው ልጄ» አሉኝ። ዛሬ ምክንያቱን አውቀዋለሁ። ሽቅብ የሚሄድ እሳት ነበልባሉ ወደ ፊቱ ያዘነብላል፤ ከፊቱ ያለውን ሣር ሳይደርስበት ያደርቀዋል። ቁልቁል ሲሆን ግን እየዳኸ ነው የሚመጣው፣ በቅጠል ተመትቶ ይጠፋል። ከሣሩ ውስጥ ሲንጣጣ፣ አንበጣው ወደ እግራችን ሲዘል አሁንም ይታየኛል።

ከፍ ብሎ ደጋው ላይ አስታ የሚባል ቁጥቋጦ አለ። አስታ ቅጠሉ እንደ መርፌ የቀጠነ ስለሆነ ለምለምም ሆኖ ይነዳል፤ ግን ከሥሩ መልሶ ያቆጠቁጣል። ጥድ እንዲህ አይችልም፣ አንዴ ከነደደ ሞተ ነው። ባሌ ላይ ከብት አርቢዎች አስታውን ለግጦሽ ሲያቃጥሉ ኖረዋል። በቅርቡ የነደደው ቦታ ለጥቂት ዓመታት እሳት አይዝም፤ ያቆጠቆጠው ገና ለጋ ነው፣ በመካከሉ ደረቅ ነገር አልተጠራቀመም። አሮጌው አስታ ሲነድ እሳቱ እዚያ ሲደርስ ይቆማል። እርጥቡ ደረቅ ጎረቤት ከሌለው እንዲያውም እሳት ያስቆማል። ተረቱን ስንናገር ይህን ግማሹን እንረሳዋለን።

ደረቁ ሲበዛ ምን እንደሚሆን አይተናል። በ1992 ዓ.ም. በድርቁ ዘመን የባሌና የቦረና ደኖች ለሳምንታት ነደዱ። የባሌው ሐረና በጉም የሚኖር ደን ነው፤ ሌላ ጊዜ እሳት ይዘው ቢገቡ እንኳ አይያዝም። ያን ዓመት ግን እርጥቡ ራሱ ደረቀ። በ2011 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ ደግሞ ሰሜን ተራሮች ላይ ጓሳ ሣሩና አስታው ነደደ። ጠፋ ሲባል እንደገና ተነሳ። ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጡ። ያገሬ ሰው በቅጠልና በአፈር ገደል ለገደል ሲታገል ሰነበተ። አያቴ ያኔ በሕይወት ቢኖሩ መጀመሪያ የሚጠይቁት ማን ለኮሰው፣ ዙሪያውንስ ማን ጠረገው ብለው ነው።

የስብሰባው ነገር ያናደደኝ ለዚህ ነው። ሰብሳቢያችን ተረቱን እንደ ዕድል፣ እንደ ዝናብ አድርጎ ተናገረው። የሦስቱ ቤቶች ዕዳ ሲጠራቀም ስድስት ወር ዝም ብሎ ያየው ኮሚቴው ነው። በመጨረሻ ውሃውን የዘጋውም እሱ ነው። በእኛ አገር ሸንጎ ቢሆን ይህን ተረት ጠቅሶ የሚከሰው የነደደው ሰው ነበር፤ የለኮሰው መልስ ይሰጣል እንጂ አይተርትም። ለእኚያ እናት ባለፈው እሁድ የመለሰላቸው ሰው አልነበረም። በሚቀጥለው ስብሰባ እጄን አወጣለሁ።