ስኪን ሆሚንግ ምንድን ነው? ሶሪያሲስስ ለምን እዛው ቦታ ላይ ይመለሳል?

ሶሪያሲስ፣ ቆዳን የሚያቆጣና ቅርፊት የሚያወጣ እየተመላለሰ የሚነሳ በሽታ፣ ክርን ወይ ጉልበት ላይ ሲወጣ ብዙ ሰው መጀመሪያ ጭርት ነው ብሎ የፈንገስ ቅባት ይቀባል፣ አይለቅም፣ ምክንያቱም እዛ የተሰበሰቡት የራሱ የሰውየው የመከላከያ ሴሎች ናቸው፣ በተለይ ቲ ሴል የሚባሉት። (በጥቁር ቆዳ ላይ ደግሞ መጽሐፍ ላይ እንዳለው ቀይ ሆኖ አይታይም፣ ወይን ጠጅ ወይ ጠቆር ያለ ነው የሚመስለው፣ ስለዚህ መሳሳቱ አይገርምም።) ግን ደም ውስጥ የሚዞር ሴል ሳንባም ጉበትም እያለ እንዴት ቆዳን መርጦ ይገባል? ስኪን ሆሚንግ የሚባለው ይሄ መርጦ መግባት ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ሊምፍ ኖድ ውስጥ ነው፣ ብብትና ብሽሽት ላይ ሲያብጥ ንፍፊት የምንለው ማለት ነው። ዴንድሪቲክ የሚባሉ ሴሎች ከቆዳ ያገኙትን ይዘው መጥተው ለቲ ሴሉ ያሳዩታል፣ እሱም ሲነቃ ላዩ ላይ ሲኤልኤ የሚባል ከስኳር የተሰራ ምልክት ያወጣል። የቆዳ ደም ስሮች ደግሞ በውስጠኛው ግድግዳቸው ኢ-ሴሌክቲን የሚባል ነገር አላቸው፣ ቆዳው ሲቆጣ በጣም ይበዛል፣ ሲኤልኤ ያለውን ሴልም ለቀም ያደርገዋል።

ደም ግን በፍጥነት ነው የሚሄደው፣ ሴሉ ተይዞ ወዲያው አይቆምም፣ እየተለጠፈ እየተላቀቀ ግድግዳው ላይ ይንከባለላል። ልክ ታክሲ ውስጥ ወራጅ አለ ካልተባለ እንደማይቆመው፣ እዚህም ጥሪ ያስፈልጋል፣ ጥሪው ኬሞካይን ይባላል። ኬሞካይን ብዙ ዓይነት ነው፣ ሲሲኤል17 የሚባለው ኤግዚማ ላይ በጣም ይበዛል፣ ሶሪያሲስ ላይ ደግሞ ሲሲኤል20 ዋና ነው። ሴሉ ጥሪውን ሲሰማ ላዩ ላይ እንደ መቆለፊያ ያለው ኤልኤፍኤ-1 የሚባለው ኢንተግሪኑ (መያዣ ፕሮቲኑ) ይከፈትና ግድግዳው ላይ ያለውን አይካም-1 የሚባል ፕሮቲን ጭምቅ አድርጎ ይይዛል፣ ከዛ በሁለት የደም ስር ሴሎች መሃል ሾልኮ ይወጣል። ይሄ ሁሉ የሚሆነው በትልልቆቹ ደም ስሮች ሳይሆን ከካፒላሪ (ከሁሉም ከቀጠኑት ስሮች) ቀጥሎ ባሉት ቀጫጭን ስሮች ነው።

ይሄም አልበቃም። የላይኛው የቆዳ ሽፋን ደም ስር የለውም እኮ! ስለዚህ ሴሉ ገና ሌላ ድንበር፣ ኮላጅን 4 የሚባል ፕሮቲን ያለበትን ስስ ሽፋን፣ አልፎ ነው እላይ የሚደርሰው። ከደረሰ በኋላ ነው ጣጣው፣ ኢንተርሉኪን 17 የሚባል የመልእክት ፕሮቲን ይለቃል፣ የቆዳው ሴሎች ደግሞ ይሄን ሲያገኙ ራሳቸው ተጨማሪ ኬሞካይን ያመርታሉ፣ እሱ ሌላ ቲ ሴልና ኒውትሮፊል የሚባል ሌላ ዓይነት ነጭ የደም ሴል ይጠራል፣ ኒውትሮፊሎቹ እስከ ቅርፊቱ ድረስ ወጥተው ይከማቻሉ፣ እንዲህ እያለ ይዞራል።

በሩን ብንዘጋውስ? ተሞክሯል። ኤፋሊዙማብ የሚባል ኤልኤፍኤ-1ን የሚይዝ መርፌ በ2003 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ለሶሪያሲስ ተፈቅዶ ነበር፣ ለብዙዎች ሰርቷል። ችግሩ ያው መቆለፊያ ቆዳ ብቻ ላይ አይደለም ያለው፣ ሴሎቹ ሌላም ቦታ መድረስ አለባቸው፣ ጥቂት ታካሚዎች ላይ ጄሲ የሚባል ቫይረስ አንጎልን ስላጠቃ በ2009 ከገበያ ወጣ። ሲያቆሙት ብሶ የሚመለስባቸውም ነበሩ።

ሌላው፣ ለኔ ከሁሉም የሚገርመው፣ የገቡት ሁሉ አይወጡም። ቆዳው ድኖ ለስልሶ ሲታይ እንኳን ነዋሪ ቲ ሴሎች እዛው ይቀራሉ፣ አዲስ ሴል ከደም ባይመጣም እነሱ ኢንተርሉኪን 17 መልቀቅ ሲጀምሩ ያው ክርን ላይ፣ ያው ጉልበት ላይ ይነሳል። አሁን ያሉት እንደ ሴኩኪኑማብ ያሉ መርፌዎች ደግሞ በሩን ትተው ኢንተርሉኪን 17ን ራሱን ነው የሚይዙት፣ ሴሉ ከውጭም ይምጣ ከውስጥ ይኑር መልእክቱ አይደርስም፣ ሲቆም ግን ነዋሪዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ስላሉ በሽታው ቀስ እያለ ይመለሳል።