ጭምብል በጭምብል፦ የሜክሲኮ ትግል ውርርድ

የሜክሲኮን ነፃ ትግል፣ ሉቻ ሊብሬን፣ አዲስ ለሚያይ ሰው አንድ ነገር ግራ ይገባዋል። ታጋዩ በግጥሚያ መሃል የባላጋራውን ጭምብል ቢገፈው በጥፋት ተሸናፊ ይባላል። ሌላ ቀን ግን ጭምብል በሕዝብ ፊት በደንቡ መሠረት ይወልቃል። እንዴት ነው ነገሩ?

ልዩነቱ ውርርዱ ነው። ሁለቱም አስቀድመው ተስማምተው ጭምብላቸውን ያስይዛሉ። የተሸነፈው እዚያው ሪንጉ ላይ ከኋላ የታሰረውን ክር ፈትቶ ፊቱን ያሳያል፤ እውነተኛ ስሙም ይነገራል። በዚያ ጭምብል ዳግመኛ መታገል አይፈቀድለትም። አዎ፣ የትግሉ ውጤት አስቀድሞ የተወሰነ ነው፤ ኪሳራው ግን የምር ነው። ለዓመታት የገነባውን ማንነት ነው የሚያጣው። ስለዚህም ለመሸነፍ የሚስማማ ታጋይ ዳጎስ ያለ ክፍያ ይጠይቃል።

ባለ ብርማ ጭምብሉ ኤል ሳንቶ የገነነው በዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 ሜክሲኮ ሲቲ፣ አሬና ኮሊሴዮ ውስጥ ብላክ ሻዶውን አሸንፎ ጭምብሉን አስወለቀው። የራሱን ግን በውርርድ አንድም ቀን አላስነካም፤ በ1984 ሲሞት የተቀበረውም ጭምብሉን እንዳደረገ ነው። ብላክ ሻዶውም ቢሆን ትግሉን አልተወም፤ ፊቱን ገልጦ ለዓመታት ቀጠለ።

ጭምብል የሌለውስ? እሱ ፀጉሩን ያስይዛል። ከተሸነፈ እዚያው ይላጫል። ፀጉር መልሶ ስለሚያድግ ግን ከጭምብል እኩል አይታይም።