ክሪፕ፦ መዳህ፣ ማድባት፣ መሳብ

«ክሪፕ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ግስ በአንድ የአማርኛ ቃል ልተርጉም ያለ ሰው ቶሎ ይቸገራል። ሕፃን ይድሃል፣ እባብ ይሳባል፣ ድመት ታደባለች፣ ሌባ ሹልክ ብሎ ይገባል፤ እንግሊዝኛው አራቱንም በዚሁ በአንዱ ይገላግላቸዋል። አውቶማቲክ መኪና ፍሬኑን ሲለቁለት ነዳጅ ሳይሰጡት ቀስ እያለ መሄዱም ክሪፕ ነው። እኛ «ሰውነቴን ውርር አደረገኝ» የምንለውን ስሜት «ዘ ክሪፕስ» ይሉታል፤ አኳኋኑ የሚያስጠላ፣ በተለይ ሴቶችን በዓይኑ የሚከተል ወንድ ደግሞ «ክሪፕ» ተብሎ ይሰደባል።

ቃሉ ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው መሐንዲሶች ዘንድ ነው። መጽሐፍ የተጫነበት የጣውላ መደርደሪያ በገዛንበት ቀን ቀጥ ብሎ ይታያል፤ ከዓመታት በኋላ መሃሉ ይጎብጣል። ሸክሙ አልጨመረም፤ የጨመረው ጊዜው ነው። ኮንክሪትም እንዲሁ ያደርጋል። በፓስፊኳ የደሴቶች አገር ፓላው እ.ኤ.አ. በ1977 የተሠራው የኮሮር ድልድይ መካከለኛ ክፍሉ 241 ሜትር ይረዝም ነበር። በአሥራ ጥቂት ዓመታት ውስጥ መሃሉ ከ1 ሜትር በላይ ዝቅ አለ። በ1996 ተጠገነ፤ በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ድንገት ተደርምሶ 2 ሰዎች ሞቱ። ብረትን እንዲህ እንዲሳብ የሚያደርገው ደግሞ ሙቀት ነው። የአውሮፕላን ሞተር ተርባይን ምላጮች በከፍተኛ ሙቀት እየተሽከረከሩ ቀስ በቀስ እንዳይለጠጡ፣ ብዙዎቹ ከኒኬል ቅይጥ እንደ አንድ ወጥ ክሪስታል ሆነው ይቀረጻሉ።

አፈርም ይሳባል። ተዳፋት ላይ ያለ ዋልካ ክረምት ሲያብጥ ወደ ውጭ ይገፋል፣ በጋ ሲደርቅ ቁልቁል ይወርዳል፤ በየዓመቱ ጥቂት ሚሊሜትር። ዓይን አያየውም፤ ያዘመመ አጥርና ከሥሩ የጎበጠ ግንድ ግን ያሳብቁበታል። በካሊፎርኒያዋ ሆሊስተር ከተማ ካላቬራስ የተባለው የምድር ስንጥቅ ያለ መንቀጥቀጥ ስለሚንሸራተት፣ ቀጥ ብሎ የተሠራው የእግረኛ መንገድ ጠርዝ እንደ ታጠፈ ክርን ሆኗል።

በፖለቲካ «ሚሽን ክሪፕ»፣ ማለትም ተልዕኮ ከታሰበለት በላይ ቀስ እያለ መስፋቱ፣ የሚለው አነጋገር በአሜሪካ ጋዜጦች የተለመደው በ1993 በጎረቤታችን ሶማሊያ ምክንያት ነው። ለረሃብተኛ እህል ለማድረስ የገባው ጦር፣ ዓመት ሳይሞላው የታጣቂዎች መሪውን ጄኔራል አይዲድን በሞቃዲሾ ሰፈሮች ሲያድን ተገኘ።