የባሕር ወለል የሶናር ካርታ ምንድን ነው?

ብርሃን በባሕር ውሃ ውስጥ ሩቅ አይሄድም። 200 ሜትር ከታለፈ በኋላ ዕፅዋት የሚያድጉበት ብርሃን እንኳ የለም። ድምፅ ግን በሴኮንድ 1,500 ሜትር ያህል ይጓዛል። የባሕር ወለል ካርታ በድምፅ የሚነሣው በዚህ ምክንያት ነው፤ ድምፅ ልኮ ማሚቶውን የሚያዳምጠው መሣሪያ ሶናር ይባላል።

መርከቧ ከሥሯ ድምፅ ትልካለች፤ ድምፁ ወለሉን ነክቶ ለመመለስ የፈጀበት ጊዜ ጥልቀቱን ይነግራል። ማሚቶው በ2 ሴኮንድ ከተመለሰ ወለሉ 1,500 ሜትር ግድም ላይ ነው። የዛሬዎቹ ባለ ብዙ ጨረር ሶናሮች በመቶዎች የሚቆጠሩ ጨረሮችን ግራና ቀኝ ዘርግተው በአንድ ማለፍ ሰፊ ወለል ይለካሉ።

ጥልቀት ብቻውን ግን እዚያ ማን እንደሚኖር አይናገርም። ለእኔ የዘዴው ቁም ነገር የማሚቶው ብርታት ነው። አለት ድምፁን አጠንክሮ ይመልሳል፤ ለስላሳ ጭቃ አብዛኛውን ውጦ ያስቀረዋል። ብዙዎቹ ኮራሎች (በአንድ ቦታ ተተክለው የሚኖሩ የባሕር እንስሳት) የሚጣበቁበት ጠንካራ ነገር ይሻሉ፤ ብዙ ትሎች ደግሞ ጭቃ ውስጥ ተቀብረው ይኖራሉ። ወለሉ ከምን እንደተሠራ ያወቀ ነዋሪውን መገመት ይጀምራል።

ግምቱ ግን መረጋገጥ አለበት። በካናዳ ምዕራብ ጠረፍ፣ በሄካቴ ሰርጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ወለሉን በሶናር የሚቃኙ የጂኦሎጂ ባለሙያዎች ማሚቷቸው የደከመ ጉብታዎች አጋጠሟቸው። አለት ቢሆኑ ኖሮ ማሚቶው በበረታ ነበር። ካሜራ ሲወርድ የመስታወት ስፖንጅ ሪፎች፣ ማለትም ስፖንጆች በወለሉ ላይ የገነቧቸው ጉብታዎች፣ ሆነው ተገኙ። ስፖንጆች እንስሳት ናቸው፤ የእነዚህ አጽም መስታወት ከሚሠራበት ማዕድን፣ ከሲሊካ፣ የተሠራ ሲሆን፣ የሚገነቧቸው ሪፎች ከምድር ከጠፉ ሚሊዮኖች ዓመታት እንዳለፉ ይታመን ነበር። ማሚቶውን ያደከመው በስፖንጆቹ መካከል የሚጠራቀመው ደቃቅ ጭቃ ነው። ወለል የሚጠርጉ የዓሣ ማጥመጃ መረቦች ከሪፎቹ ከፊሉን ሰባብረው ነበር፤ ካናዳ በ2017 አካባቢውን የተጠበቀ የባሕር ክልል አደረገችው።

ሶናር በውሃው መካከል ያሉትንም ያሳያል፤ ብዙ ዓሦች በሰውነታቸው ያለው በጋዝ የተሞላ ከረጢት ድምፅን አጥብቆ ይመልሳል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ተመራማሪዎች ከካሊፎርኒያ ወዲያ፣ በመቶዎች ሜትር ጥልቀት፣ ሲመሽ ወደ ላይ የሚወጣ ‘ወለል’ አገኙ። ሌሊት ለመመገብ የሚወጡ እንስሳት ነበሩ።

እስከ 2025 ድረስ በዚህ መንገድ የተለካው ከውቅያኖስ ወለል ሩብ ከፍ የሚል ብቻ ነው። የቀረው ሳተላይቶች ከባሕሩ ገጽ ከፍታ ያሰሉት ግምት ነው፤ ተራራና ሸለቆ ይለያል፣ ሪፍ ግን አይለይም። በእንዲህ ያለ ካርታ ላይ ተመሥርቶ መረብ የት ይጎተት ብሎ መወሰን በጣም ያሳስበኛል።