ከፒኤችዲ በኋላ፦ በጅማ የክሊኒካልና የትራንስሌሽናል ሳይንስ ሥልጠና እና ገንዘቡ

አንድ ግኝት ከላብራቶሪ ወጥቶ በሽተኛው አልጋ ዘንድ እስኪደርስ ብዙ ዓመት ይፈጃል። ይህን መንገድ አጥንቶ ለማሳጠር የሚሠራው ዘርፍ ትራንስሌሽናል ሳይንስ ይባላል። ሰዎችን አሳትፎ የሚሠራው ደግሞ ክሊኒካል ምርምር ነው። ሁለቱን አጣምሮ መሥራት በፒኤችዲ ብቻ አይገኝም። ተመራማሪው ልምድ ካለው ሰው ሥር ሁለት ሦስት ዓመት ቆይቶ የሕክምና ሙከራ መንደፍ፣ ዳታ መተንተንና ፕሮፖዛል መጻፍ ይማራል። ፖስትዶክ የሚባለው ይህ ጊዜ ነው።

ጅማ ለዚህ ሥራ የተመቸች ናት። ጅማ ዩኒቨርሲቲ በ1992 ዓ.ም. የግብርና ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ተዋህደው የተመሠረተ ነው። ኢንስቲትዩቱ ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርትን ይዞ ስለመጣ፣ ተማሪው ከክፍል ወጥቶ ቤት ለቤት እየዞረ ይማራል። በአዲስ አበባ መንገድ፣ በግልገል ጊቤ ግድብ ዙሪያ ደግሞ የመስክ ምርምር ማዕከል አለ። እዚያ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን ለቆ ሄደ የሚለው በየቤቱ እየተጠየቀ ይመዘገባል።

እዚህ የተሠራው የወባ ጥናት ለእኔ ጥሩ ማሳያ ነው። የጅማ ተመራማሪዎች ከግድቡ ውኃ አጠገብ የሚኖሩ ልጆች ራቅ ብለው ከሚኖሩት ይበልጥ በወባ እንደሚያዙ አሳዩ። ትንኞቹን ሰብስበው ሲፈትሹም ዲዲቲ የተባለው ፀረ-ትንኝ ኬሚካል እንደማይገድላቸው አዩ። ቤት ውስጥ የቱ ኬሚካል ይረጭ የሚለው ውሳኔ እንዲህ ያለ መረጃ ይፈልጋል። ከልጁ ጣት ላይ የተወሰደችው የደም ጠብታ እስከዚያ ድረስ ትሄዳለች።

ለጅማ ተመራማሪዎች ሥልጠና አንዱ ትልቅ አጋዥ የቤልጂየም ፍላንደርስ ዩኒቨርሲቲዎች ትብብር ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ አሥር ዓመት ያህል ቆይቷል። መምህራን ግማሹን እዚያ፣ ግማሹን እዚህ እየሠሩ ፒኤችዲ ያዙ። ክፍተቱ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ፣ ፖስትዶኩ ላይ ነው።

አሜሪካ ውስጥ የጤና ምርምር ተቋሙ ኤን አይ ኤች እ.ኤ.አ. በ2006 ለክሊኒካልና ትራንስሌሽናል ሳይንስ ራሱን የቻለ ፕሮግራም ከፈተ። ገንዘቡ ለዩኒቨርሲቲው ይሰጣል፤ ዩኒቨርሲቲው ሠልጣኞቹን ይመርጣል። ለጀማሪ ተመራማሪዎች በሚሰጠው ድጋፍ በአብዛኛው ከሥራ ጊዜያቸው 75 በመቶው ለምርምርና ለሥልጠና እንዲጠበቅ ግዴታ አለ። እነዚህ በሮች ባመዛኙ ለአገሩ ሰዎች የተከፈቱ ናቸው። ለጅማ ተመራማሪ ይበልጥ ቅርብ የሆነው በዚያው ተቋም ሥር ለዓለም አቀፍ የጤና ምርምር የሚሠራው የፎጋርቲ ማዕከል ነው፤ ገቢያቸው ዝቅተኛና መካከለኛ በሆኑ አገሮች ላሉ ጀማሪዎች የሚሰጠው የምርምር ገንዘብ (ግራንት) ይህንኑ 75 በመቶ ይጠይቃል። አውሮፓና አፍሪካ በጋራ የሚያካሂዱት ኢዲሲቲፒ ለክሊኒካል ተመራማሪዎች ፌሎሺፕ ይሰጣል። የጀርመኑ ሁምቦልት ፋውንዴሽንም አለ፤ እሱ ግን ሰውየውን ወደ ጀርመን ይወስደዋል።

እኔን የሚያሳስበኝ ያ 75 በመቶ ነው። ፒኤችዲውን ይዞ የተመለሰ ሐኪም ጠዋት ራውንድ፣ ማለትም ተኝተው የሚታከሙትን እየዞሩ ማየት፣ አለበት። ከዚያ ተመላላሽ ሕሙማን ይጠብቁታል፤ ከሰዓት ያስተምራል። ፕሮፖዛሉን የሚከፍተው ልጆቹ ከተኙ በኋላ ነው። ገንዘቡ ደመወዙን ብቻ ቢሸፍን የሚለወጥ ነገር የለም። በእሱ ቦታ ራውንድ የሚወጣ ሌላ ሐኪም መቅጠር አለበት። ይህ ወጪ በጀቱ ውስጥ በግልጽ ካልተጻፈ ተመራማሪው በወረቀት ብቻ ነፃ ይሆናል።

ሌላው የሚያሳስበኝ ጊዜ ነው። የመድኃኒት ሙከራ ከሆነ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ያየዋል፣ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ይፈቅዳል። ለላብራቶሪ ምርመራ የሚያስፈልገው ኬሚካል (ሪአጀንት) ከውጭ ታዝዞ ጉምሩክ ያልፋል። መብራት ሲጠፋ ናሙናው እንዳይበላሽ ጄኔሬተርና ነዳጅ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው በሽተኛ ፈርሞ ጥናቱን እስኪቀላቀል ዓመት ቢያልፍ አይገርምም። ስለዚህ ለጅማ የሚታሰብ ፖስትዶክ ከሦስት ዓመት ባያንስ፣ የመጀመሪያው ዓመትም ለፈቃድና ለግዢ ተብሎ ከነበጀቱ ቢያዝ ይሻላል።