የወንድ ልጅ መንፈሳዊ ስም፦ ከጥምቀቱ ዕለት እስከ ክፍል መዝገብ

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ወንድ ልጅ የሚጠመቀው በተወለደ በ40ኛው ቀን ሲሆን፣ ማዕተብ በአንገቱ የሚታሰርለትና የክርስትና ስም የሚወጣለትም በዚሁ ዕለት ነው። ይህ ስም ወላጆቹ በቤት ካወጡለት የተለየና በቁርባን፣ በጸሎትና በፍትሐት ጊዜ የሚነሣ ነው። በመንደር የሚጠራበት ስም ግን ብዙ ጊዜ ዓለማዊ ነበር፤ ወንድሙ ሞቶ የተወለደው ካሳ ወይም ምትኩ ይባላል፣ ሌላው በላይ፣ ሌላው አበበ። የክርስትና ስሙንማ ጎረቤት ላያውቀው ይችላል፤ መተተኛ ከእናቱ ስም ጋር አገናኝቶ ይሠራበታል ተብሎ ስለሚፈራ ለማንም አይነገርም።

የክርስትና ስም አሠራሩ ግእዝ ነው። ገብር (አገልጋይ)፣ ወልድ (ልጅ)፣ ኃይል፣ ሣህል (ይቅርታ)፣ ኪዳን የመሳሰሉት ቃላት ገብረ፣ ወልደ፣ ኃይለ እየተባሉ ከአምላክ፣ ከእመቤታችን፣ ከመላእክት ወይም ከቅዱሳን ስም ጋር ይናበባሉ። የትኛው እንደሚወጣ አብዛኛውን ጊዜ የወሩ በዓል ይመራል፦ በ12 ወልደ ሚካኤል፣ በ21 ገብረ ማርያም፣ በ23 ኃይለ ጊዮርጊስ ቢባል አያስገርምም።

የተሸሸገውን ስም አደባባይ ያወጡት በተለይ ነገሥታት ናቸው። ተፈሪ መኮንን በ1923 ዓ.ም. ሲነግሡ የክርስትና ስማቸውን ኃይለ ሥላሴን የንግሥ ስማቸው አደረጉት፤ የሚገርመው፣ በጃማይካ የተነሣው እምነት መጠሪያውን የወሰደው ንጉሡ ከተዉት ከራስ ተፈሪ ነው። ምኒልክ በአንጻሩ የክርስትና ስማቸው ሣህለ ማርያም ሆኖ ሳለ በምኒልክነታቸው ነገሡ።

በሙስሊሙ ዘንድ ስም የሚወጣው እንደ ልማዱ በሰባተኛው ቀን፣ ለሕፃኑ መወለድ ከሚታረደው ከአቂቃው ጋር ነው፤ መሐመድ፣ አሕመድ፣ ሰይድ፣ እንድሪስ ከትውልድ ትውልድ ሳይነጥፉ ኖረዋል። በወሎ ሁለቱ ልማዶች በአንድ የዘር ሐረግ ይገናኛሉ፤ የልጅ ኢያሱ አባት ንጉሥ ሚካኤል ከመጠመቃቸው በፊት መሐመድ ዓሊ ይባሉ ነበር።

ከ1966 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ እንደ አብዮት ያሉ የጊዜው ስሞች ብቅ አሉ፤ ዕድሜያቸው ግን አጭር ነበር። የጸናው ለውጥ ሌላ ነው፦ በከተማ ገብረና ወልደ እየተተዉ አቤል፣ ናሆም፣ ናትናኤል፣ ቢኒያም፣ ከመላእክትም ክሩቤልና ሱራፌል የየዕለት መጠሪያ ሆኑ። አጫጭር መሆናቸውና በውጭ አገር ምላስ የማይከብዱ መሆናቸው ረድቷቸዋል፤ በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት መስፋፋትም መጽሐፍ ቅዱሳዊው ስም ይበልጥ ተለምዷል። በእኔ እይታ የሃይማኖት ስም አልቀነሰም፤ ይልቁንም ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ በር ላይ የሚጠራ ሆነ። ኢትዮጵያዊ የቤተሰብ ስም ስለሌለውና ልጅ የአባቱን ስም ስለሚያስከትል፣ ለውጡ በአንድ የክፍል ስም ዝርዝር ላይ ይነበባል፦ «አቤል ገ/ማርያም»፣ «ናሆም ወ/ሚካኤል»።

ያቺ እዝባር ግን ባሕር ስትሻገር ትጠፋለች። በአሜሪካ ሰነድ ላይ ሁለቱ ቃላት ተለያይተው ሲጻፉ ገብረ የመካከል ስም፣ ማርያም ደግሞ የቤተሰብ ስም ይሆንና፣ ጎልማሳው ሐኪም ቤት ወረፋ ይዞ ሳለ «ሚስተር ማርያም» ተብሎ ይጠራል።